ማን ላከህ?

ጋሼ ወንዳፈረው የቀጠረው ቃሲምን ነው ወይስ የቃሲምን መኪና? ይህን እስከ ዛሬ ለይቶ የነገረኝ ሰው የለም። ሆሳዕና መናኸሪያ አካባቢ ያለው፣ ጋሼ ወንዳፈረው የሚመራው የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት ቅርንጫፍ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «የራሱ መኪና ያለው» ይል ነበር። ቃሲም መኪና ነበረው። ታላቅ ወንድሙ ኢብራሂም ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ስንት ዓመት እየተዘረፈ፣ እየተደበደበ ሠርቶ የገዛለት አሮጌ ኮሮላ ነው። «እንጀራ ይሁንህ» ብሎ ነው የሰጠው። እንጀራስ ሆነው፤ ግን የማን እንጀራ?

የሥራ ሰዓት ተብሎ የተነገረው ከጠዋቱ ሁለት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል ነበር። ወሬ ነው! ስልኩ እራት ላይ ይጮሃል፣ ጁምዓ ሰላት ላይ ይጮሃል፣ እሑድ ልጁን ሲያጥብ ይጮሃል። «ቃሲምዬ፣ ጃጁራ እልፍ በልልኝ። ቃሲምዬ፣ ሀቢቾ አንድ ካርቶን ጣል አድርግልኝ።» ቅር ያለው ፊት ካየ ደግሞ ጋሼ ወንዳፈረው ትከሻውን መታ መታ ያደርግና «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይላል። እናንተዬ፣ አሠሪ ቤተሰብ ነን ሲላችሁ ሰዓታችሁንም ጎማችሁንም ያዝ አድርጉ።

የቃሲም ሚስት ረምላ ይህን ቀድማ አውቃዋለች። ኮሌጅ ጨርሳ የወጣች፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት። «በገዛ መኪናህ ስትሠራ አንድ ነገር ብትሆን ተጠያቂው ማነው? ውል አስጽፍ። በዓልና እሑድ ደግሞ የአንተ ነው፤ ሕግ ነው የሰጠህ፣ ወንዳፈረው አይደለም» ትለዋለች። ቃሲም ይስቃል። «ከጋሼ ወንዳፈረው ጋር ምን ውል አለኝ? ልጃችን ሲወለድ ቀድሞ የመጣው ማነው?» ይላታል። እውነቱን ነው፤ ቀድሞ የመጣው እሱ ነበር። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮማ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር።

ያን ዓመት አረፋ ሲመጣ ቃሲም በማለዳ ሜዳ ወርዶ ሰግዶ ተመለሰ። ግቢው ውስጥ ሁለት በግ ታርዷል፤ አንዱን ራሱ አርዶታል፣ ሌላውን ክርስቲያን ጎረቤቱ። እዚያ አገር እንደዚያ ነው። ሙስሊሙ በአረፋ ለክርስቲያን እንግዳው በክርስቲያን እጅ ያሳርዳል፤ ክርስቲያኑም በመስቀል ለሙስሊም እንግዳው በሙስሊም እጅ ያሳርዳል። ድስቱ ይለያል፣ ቢላው ይለያል፣ ፍቅሩ ግን አንድ ነው። ሁለተኛው በግ የጋሼ ወንዳፈረው ነበር። በየዓመቱ መጥቶ ይበላል።

ረምላ ሁለቱን ድስት ጥዳ ላይ ታች ስትል ስልኩ ጮኸ።

«ዒድ ሙባረክ ቃሲምዬ! እንኳን አደረሰህ! ስማ፣ አንጋጫ ያለው ክሊኒክ ባለቤት ሲጨቀጭቀኝ አደረ። ያ የመርፌ መድኃኒት ካርቶን መኪናህ ውስጥ አይደል? ዛሬ ካልደረሰኝ ከሌላ አከፋፋይ እወስዳለሁ እያለኝ ነው። እልፍ ብለህ አድርሰህለት ና።»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ አረፋ ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ! አረፋ ባይሆን ቤትህ ምን ላደርግ እመጣለሁ? ልብሴን እየለበስኩ ነው። አንተ እስክትመለስ እኔ ከልጅህ ጋር እጫወታለሁ፣ ከዚያ አብረን እንቆርሳለን።»

ረምላ ማንኪያውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። «አልሄድም በለው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የታመመ ሰው ቢኖር እኔ ራሴ ሂድ እልህ ነበር። ይኼ የገበያ ሽሚያ ነው።»

«እንግዳዬ ነው ረምላ። በገዛ በዓሌ፣ በገዛ ቤቴ ሊበላ የሚመጣን ሰው በምን አፌ እምቢ እላለሁ?»

አዲሱን ነጭ ጀለቢያውን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ።

አንጋጫ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር። ቃሲም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፤ ይህን ጠላቱም ይመሰክርለታል። ግን ስልኩ ጮኸ። አንድ ጊዜ ተወው። ደግሞ ጮኸ። ስልክ ካልተነሳለት ጋሼ ወንዳፈረው ለሳምንት ፊቱን እንዴት እንደሚያጠቁር ቃሲም ያውቀዋል። እጁን ሰደደ፣ አነሳው፣ ድምፁን ከፈተው። ዓይኑ ከመንገዱ የተነቀለው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ቀና ሲል በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ በጀርባዋ ያዘለች ሴት መኪናው አፍንጫ ላይ ነበረች።

ጣቢታ ትባላለች። የአንጋጫ ሴት ናት፤ ቆጮ ሸጣ ልጆች የምታስተምር፣ እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ የምትቆም። ቃሲም ከመኪናው ሲዘል ስልኩ ከእጁ አምልጦ ከጭንቅላቷ አጠገብ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። አልጠፋም፤ ምነው በጠፋ!

«ሃሎ! ቃሲም! ደረስክ ወይ?»

«ጋሼ፣ ሰው ገጨሁ! ሴት ገጨሁ! ያ አላህ፣ እግሯ!»

ከስልኩ ውስጥ የልጅ ሳቅና የሳህን ኳኳታ ተሰማ። የቃሲም ቤት ነው፤ ሳቁም የራሱ ልጅ ሳቅ ነው። ከዚያ ሰውየው ጠየቀ።

«ካርቶኑስ? ብልቃጡ ተሰበረ?»

ጣቢታ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ስልኩን ታየዋለች።

ሰው ተረባርቦ አነሳት፣ ቃሲምም በዚያችው መኪና ሆሳዕና ሆስፒታል አደረሳት። ነጩ ጀለቢያ ከወገቡ በታች ደም ሆኗል። ወሬውን ሰምቶ ሮጦ የደረሰው ባሏ ባፈና ከኋላ ወንበር ጭንቅላቷን ታቅፏል። ቢሰድበው፣ ቢመታው ለቃሲም ይሻለው ነበር።

ሆስፒታሉ በር ላይ ጋሼ ወንዳፈረው ደርሶ ይጠብቀዋል። በባጃጅ ነው የመጣው፤ ከቃሲም ቤት በልቶ፣ ታጥቦ። እጁ ገና የረምላን ሳሙና ይሸታል። ቃሲምን እቅፍ አድርጎ፣ አይዞህ ብሎ፣ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰደው።

«አሁን ፖሊስ ይመጣል። ለራሴ ጉዳይ ስሄድ ነው በል። ዘመድ ልጠይቅ፣ በዓል ነው፣ በቃ። በበዓል ቀን ሠራተኛ ልከሃል ከተባልኩ ዋናው መሥሪያ ቤት እኔንም ያባርረኛል፣ ቅርንጫፉም ይዘጋል፣ የአንተም እንጀራ እዚያው ላይ ያበቃል። እኔ ከውጪ ሆኜ እረዳሃለሁ። አንተ ብቻ ዝም በል። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው።»

ቃሲም ምን ማለት ይችል ነበር? እኔና እናንተ ዳር ቆመን ብዙ እናወራለን። እሱ ግን በዚያች ሰዓት የታየው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ዛሬ ቤቴ በልቷል። ቤቱ የበላን ሰው፣ ማዕዱ ሳይነሳ፣ ለፖሊስ ስሙን መስጠት እንዴት ይሆናል? እንግዳውን አሳልፎ የሚሰጥን ሰው የእናቱ አገር ሰዎች ከሃዲ ብለው እንደሚጠሩት ያውቃል። ፖሊሱ ሲጠይቀው «ለራሴ ጉዳይ ነው፤ ዘመድ ልጠይቅ» አለና ፈረመ። ይሉኝታ ይሏታል ይህቺን። ሰው ስትገድል እንኳ ጫማዋን አውልቃ፣ እጅ ነስታ ነው።

መኪናው ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ፤ ቃሲም በዋስ ወጣ። በየቀኑ ሆስፒታል ይሄዳል። ከበሩ ውጭ ይቆማል እንጂ ባፈና ካልጠራው አይገባም። አንድ ቀን ሐኪሙ ሁለቱንም ጠርቶ ተናገረ። አጥንቱ ብቻ ቢሆን እዚህ ይሠራ ነበር፤ የተጎዳው ግን የደም ሥሩም ነው፣ ቁስሉም እያመረቀዘ ነው፣ ቶሎ አዲስ አበባ መወሰድ አለባት። ካልሆነ እግሩን እናጣዋለን አለ።

የቃሲም የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የመጀመሪያውን ሕክምና ሸፍኖ አልቋል። ድርጅቱ ግን ሠራተኞቹ በሥራ ላይ እያሉ ለሚያደርሱት ጉዳት የገባው ትልቅ ኢንሹራንስ ነበረው። መንገዱ ክፍት ነው፤ አምቡላንሱም፣ አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታልም። የሚያስፈልገው ከሥራ አስኪያጁ አፍ የምትወጣ አንዲት ቃል ናት፤ «ሥራ ላይ ነበር»።

ቃሲም እየሮጠ ወንዳፈረው ቢሮ ገባ። «ጋሼ፣ አንድ ቃል ብቻ። እግሯ ሊሄድ ነው።»

«ቆይ እስቲ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር እየተነጋገርኩ ነው።»

በነጋታውም ሄደ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉት። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ላይ ጠበቀው፤ በመንገደኛ ፊት ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ወንዳፈረው ደነገጠና አነሳው። «ምን ነካህ አንተ! ሰው ያየናል። ደግሞስ አሁን ምን ብዬ ልናገር? አንተ ራስህ ለፖሊስ የራሴ ጉዳይ ነው ብለህ ፈርመሃል። እኔ ሌላ ብል ሁለታችንም ውሸታም ነን።»

አያችሁ ነገሩን? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ያስዋሸው ሰው ዛሬ በውሸቱ ያስፈራራዋል።

ቤት ሲገባ ረምላ ጠበቀችው። ፊቱን ስታይ መጠየቅ አላስፈለጋትም። «እኔ ሄጄ እናገራለሁ» አለች። «እዚህ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነው የደወለው፤ ሥጋውን እየበላ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት!»

«ሚስቱ ናት ይሉሻል። ማን ያምንሻል?»

«አላህ ያምነኛል! ያቺስ ሴትዮ? እሷ ለማን ትንገር?» እያለቀሰች ነው። «እንግዳ እንግዳ ትላለህ። ያቺ ሴት የማን እንግዳ ናት ታዲያ?»

ቃሲም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ነገ እናገራለሁ እያለ ስንት ነገ እንዳሳለፈ ራሱም ጠፍቶታል። ቢናገር ወደ እስር ቤት፤ ባይናገር ወደ እሳት። ለኢብራሂም ደውሎ አለቀሰ። ኢብራሂም ከዚያ ማዶ ምን ያድርግ፣ አብሮት አለቀሰ። ባፈና የእርሻ በሬውን ገበያ አወጣ። በበሬ አዲስ አበባ ይደረሳል እንዴ!

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ባፈና ወጣ ሲል ጣቢታ ቃሲምን በእጇ ጠራችው። ፊቷ ገርጥቷል፣ ትኩሳቱ ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ ቀስ ብላ ቃል በቃል ትናገራለች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ያን ቀን መንገድ ላይ ስልክህ ይናገር ነበር። ሰውዬው ማነው?»

ቃሲም ወደ አልጋዋ ጠጋ አለ። እነሆ ደጁ ተከፈተለት! እሷ ራሷ ከፈተችለት! ወንዳፈረው ነው፣ አሠሪዬ ነው፣ እሱ ነው የላከኝ፤ ይኸው ነው፣ ከዚያ በላይ አይፈለግም። አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ማንም አይደለም እትዬ። ዘመድ ነው።»

«ዘመድ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ሐኪሞቹ ሕይወቷን ለማትረፍ እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እውነቱን ነው፣ ዝም አልነቀዘም፤ የነቀዘው የጣቢታ እግር ነው። ቃሲም ወሬውን የሰማው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነው። በግድግዳው ተንሸራቶ ተቀመጠና ጽዳት ሠራተኛዋ ተነስ እስክትለው አልተነሳም።

ጣቢታ ቤቷ ከገባች በኋላ የቃሲም ዘመዶች ለእርቅ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌ ሲላክ የተከበረ፣ አንደበት ያለው ሰው ያስፈልጋል። ታዲያ ማን «እኔ እሄዳለሁ» ቢል ጥሩ ነው? ጋሼ ወንዳፈረው! «ሠራተኛዬን በችግር ቀን ብቻውን አልተውም» ብሎ፣ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ከፊት ቀድሞ መጣ። ጉድ እኮ ነው! ሰው እንዴት ያስችለዋል? ቃሲም አየው፤ ግን አትምጣ አላለውም። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የተቀመጡት ጣቢታ ግቢ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ነው። የባፈና ወገኖች ባንድ በኩል፣ የቃሲም ወገኖች በሌላ በኩል። መሐል ላይ አቶ ላምቤቦ የሚባሉ አዛውንት ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጣቢታ ከቤት ውስጥ አልጋ ላይ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ቃሲም በባዶ እግሩ፣ አንገቱን ደፍቶ ከዳር ቆሟል።

ወንዳፈረው ተነሳና ንግግር ጀመረ። መናገሩን ይችልበታል።

«ወገኖቼ፣ ጎረቤቶቼ። እኔ የዚህ ልጅ አሠሪ ብሆንም ዛሬ የቆምኩት እንደ አባት ነው። ልጁ ጨዋ ነው። በዓሉን ሊያከብር፣ ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው ይህ የእግዜር ቁጣ የደረሰበት። ቢሮአችን ዝግ ነበር፤ እንደ ድርጅት አያገባንም። እንደ ሰው ግን የእህታችን ሐዘን ሐዘናችን ነው...»

«ባፈና!»

ከቤት ውስጥ ነው። ጩኸት አይደለም፤ ግን ሁሉም ሰማው።

«ባፈና፣ አውጣኝ።»

ባፈና ከነወንበሯ ተሸክሞ አወጣትና መሐል አስቀመጣት። ጭኗ ላይ ጋቢ ተዘርግቷል። ጣቢታ ወንዳፈረውን ትክ ብላ አየችው።

«ጌታዬ፣ እንደገና ተናገር።»

«ም... ምን ልበል እህቴ?»

«‹ካርቶኑስ› በል።»

የቃሲም ወገኖች እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ላምቤቦ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ።

«ምንድነው ነገሩ ልጄ?» አሏት።

«ወድቄ ሳለ ስልኩ አጠገቤ ነበር። ይኼ ልጅ ሰው ገጨሁ ብሎ ይጮሃል። ስልኩ ውስጥ ያለው ሰው ሞተች ወይ አላለም። ካርቶኑስ፣ ብልቃጡ ተሰበረ ወይ ነው ያለው። ድምፁን ሆስፒታል ሆኜም እሰማው ነበር፤ ስተኛም እሰማው ነበር። ይኼ ነው ድምፁ።»

«ስህተት ነው፣ ሕመሙ ነው...» ብሎ ወንዳፈረው ጀመረ። ድምፁን ራሱ ሰማውና መሐል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ መናገር ፈራ።

አቶ ላምቤቦ ፊታቸውን ወደ ቃሲም አዞሩ። «እኛ ዘንድ መልእክተኛ ሲያጠፋ ብቻውን አይቆምም። የላከውና የተላከው ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚሸከሙት። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ። በበዓልህ ቀን ከቤትህ ማን ላከህ?»

ቃሲም ቀና አለ። ወንዳፈረው በዓይኑ ይለምነዋል። ያ ትከሻ መታ መታ፣ ያ «ቤተሰብ ነን»፣ ያ ለብቻው የታረደው በግ፣ ሁሉም ዓይኑ ውስጥ አለ። ቃሲም እዚያው በሰው ፊት ማልቀስ ጀመረ።

«እሱ ነው» አለ። «እሱ ነው የላከኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ። ለፖሊስ ዋሽቼ ነው፤ ዋሽ ብሎኝ ነው። ቤቴ ቁጭ ብሎ ነው የደወለው።»

ከባፈና ወገኖች መሐል ጉርምርምታ ተነሳ። አንዱ ተነስቶ ወደ ወንዳፈረው ሲራመድ አቶ ላምቤቦ በከዘራቸው አገዱት። ነገሩ ወደ ፖሊስም ወደ ፍርድ ቤትም ይሄዳል፣ ድርጅቱም ይጠራል፣ ተባለ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል። ቃሲም ከስንት ጊዜ በኋላ ደረቱ ቀለል አለው፤ ተናገርኩ፣ በቃ፣ ተናገርኩ አለ በሆዱ።

ጣቢታ ግን እሱን ነበር የምታየው። ወንዳፈረውን ትታዋለች።

«ልጄ» አለችው፣ እንደ ሆስፒታሉ ቀን ቀስ ብላ። «ይኼ ቃል ዛሬ አልተወለደም። አልጋዬ አጠገብ ቆመህ፣ ሰውዬው ማነው ብዬ ጠይቄህ ነበር።»

ጭኗ ላይ ያለውን ጋቢ በእጇ ነካ አደረገችው።

«ያን ጊዜ እኮ እግሬ ነበር።»

ቃሲም እንግዳዬ ነበር ሊላት አሰበ። ከንፈሩን አላቀቀ፤ ዓይኑ ግን ጭኗ ላይ ወደተዘረጋው ጋቢ ወረደ። ጋቢው ባንድ በኩል እስከ እግሯ ጫፍ ይወርዳል፣ በሌላ በኩል ከጉልበቷ ሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ተንጠልጥሏል። መሬቱ ላይ ተቀመጠ።